ሁለት ድምፅ ያለው መጥረቢያ

ቋ... ቅጭ! ቋ... ቅጭ! በዚያ ዘመን በተራራው ግርጌ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ አይረሳውም። የሌላው ሰው መጥረቢያ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ሲል፣ ጉንዳን የሚሏት ሴት ባል መጥረቢያ ግን ብረቱ እጀታው ላይ ላላ ስለሚል ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቀጭን ድምፅ ያስከትል ነበር። ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው የማን መጥረቢያ እንደሆነ በመለየት ይጫወቱ ነበር። በዚህ ጨዋታ የበርጩማ ሠሪውን ልጅ የሚያህለው አልነበረም።

ጉንዳን ያሏት ከቁመቷ የሚበልጥ እንጨት ስለምትሸከም ነው። «ከኋላሽ ለሚያይሽ እኮ እንጨቱ በእግሩ የሚሄድ ይመስላል!» ሲሏት፣ «በእግሩማ ቢሄድልኝ ምን ገዶኝ!» ትላለች። ባሏ ሲሞትም፣ ደኑ ሲታጠርም፣ ያኖራት ያው ጀርባዋ ነው። ወድቆ የደረቀ እንጨት እንድትለቅም ተፈቅዶላታል፤ መጥረቢያ ይዛ ከገባች ግን ፈቃዷን ትነጠቃለች። ስለዚህ የባሏ መጥረቢያ ከደጃፏ አያልፍም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ በርጩማ ሠሪው መጣ።

«እስቲ መጥረቢያሽን አውሺኝ። የኔው ዶልዱሞብኛል።»

ሰጠችው። የእሱ መጥረቢያ እንዳልዶለዶመ በምን ትወቅ? ልጁ አድጎ የደን ጠባቂ ሆኗል፤ የአባቱን መጥረቢያ ድምፅ ደግሞ ከሩቅ ይለያል። ሰውየው የፈለገው ልጁ የሌላ ሰው ነው ብሎ የሚያስበውን ድምፅ ነበር።

መጥረቢያው ማምሻውን ተመለሰ። በማግስቱ ጠባቂው መጥቶ፣ «ትናንት ጫካ ውስጥ ሰምቼዋለሁ» ብሎ መጥረቢያውንም ፈቃዷንም ወሰደ። ያኔ ነገሩ ገባት። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ተከትላው አባቱ ቤት ገባች።

«ጋሼ፣ ትናንት መጥረቢያዬ ማን ዘንድ እንደዋለ ለልጅህ ንገረው እንጂ!»

በርጩማ ሠሪው የያዘውን የበርጩማ እግር መላጉን አላቋረጠም።

«እትዬ፣ እኔ ጆሮዬን አምናለሁ» አለ ልጁ።

«ጆሮህንማ ማን አስተማረው? እኔው አዝዬህ አይደል እንዴ ‹የእትዬ ቤት መጥረቢያ!› እያልክ ትጮኽ የነበረው? ጆሮህ መጥረቢያውን ነገረህ፤ የያዘውን እጅ ነገረህ?»

የልጁ ዓይን ሳይወድ በግድ ወደ ጥጉ ሄደ። በጆንያ ከተሸፈነው ክምር ሥር እርጥብ ቅርፊት ብቅ ብሏል። አየው። ማየቱንም አየችው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

«ሕግ ነው፣ እትዬ።»

«ምን ያድርግ ልጁ» አለ አባትየው ቀስ ብሎ፤ «በስንት ልፋት ያገኘው ሥራ ነው።» ከዚያም አንድ አዲስ በርጩማ በእግሩ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ምነው ቆምሽ? አረፍ በይ እንጂ።»

ጎንበስ ብላ በርጩማውን ዳሰሰችው። ነጭ ነው፤ ገና ውኃው አልደረቀም። የሸክም ገመዷን ከወገቧ ፈታች፣ ጠቅልላ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው፣ ደህና ዋሉም ሳትል ወጣች።