ጎጃም በረንዳ ላይ የሠራሁት ባሕር

ባሕር አይቼ አላውቅም። እንጀራዬ ግን ባሕር መሥራት ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ይስቃል፣ የሚያዝንልኝም አለ። መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ከእህል ወፍጮ ቤት በላይ ባለች ክፍል ቁጭ ብዬ፣ በጠፈር መንኮራኩር ከፕላኔት ፕላኔት እየዞሩ ለሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ውቅያኖስ እፈጥራለሁ። ተጫዋቹ መንኮራኩሩን ውኃው ላይ ያሳርፋል፣ ይጠልቃል፣ ያስሳል። ጌሙን የሚሠራው ስቱዲዮ ውጭ አገር ነው፤ አለቃዬን የማውቀው በስክሪን ብቻ ነው። እሱ ስለ ማዕበል ሲያስረዳኝ መስኮቴ ሥር ጋሪ ገፊዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ይጮሃሉ። «ምንድን ነው ያ?» ይለኛል። ኧረ ምን ብዬ ላስረዳው!

የመጀመሪያ ባሕሬን ያሳየሁት ቀን አለቃዬ ሳቀ። «ዓሣው ሁሉ ለምን አንድ ቦታ ተሰበሰበ? ዛጎሉስ ለምን ለብቻው?» ልብ ብዬ ሳየው፣ ለካ ባሕሩን በተራ በተራ ከፋፍዬዋለሁ። ዛጎሉ በአንድ ወገን፣ ኮራሉ በሌላ፣ የባሕር ሣሩ ደግሞ ዳር ላይ ተከምሯል፣ ጭድ ተራ በሉት። መታጠፊያዎቹን ሳይቀር ሰፋ አድርጌያቸዋለሁ፣ ጋሪ እንዲዞርባቸው! መርካቶ ተወልዶ ያደገ ሰው ምን ያድርግ? በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የየራሱ ተራ ያለው ይመስለዋል።

እኔ ተናድጄ ለአባቴ ስነግረው እሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ባሕር እኮ ተራ የለውም። ምን ልትገዢበት ነው?»

አባቴ ባሕር ያውቃል። ወሎ ተወልዶ፣ መርካቶ ገብቶ፣ በረዳትነት ጀምሮ የከባድ መኪና ሹፌር ሆነና የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ወደቡ ሲመላለስ ኖረ። ከቤተሰባችን ባሕር ያየ እሱ ብቻ ነው። ያየውም ቢሆን ጭነት ሲጠብቅ፣ ከጋቢናው ሆኖ ነው። መዋኘት አይችልም። ለሶላት ሲታጠብ ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ገብቶ አያውቅም። ወደ ታች ምን እንዳለ ስጠይቀው «እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ዳሩን ነው» ይለኛል። ስለ ዳሩ ግን ከጀመረ ማን ያስቆመዋል።

ታዲያ የዚህ ሰው ዓይን መጥፋት ጀመረ።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። እይታው ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄዳል፣ አንዴ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ቢበዛ ያዘገየው ይሆናል። ከዚያ ስንወጣ አባቴ ደረጃውን በእግሩ እየዳበሰ «አንዴ ባሕር ልይና ከዚያ እንደ ፍጥርጥሩ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱም አለው፣ በሦስተኛውም ቀን አለው። አሰብ አይኬድ ነገር። ልቡንም ያመው ስለነበር፣ ስለ ጅቡቲ ስጠይቅ የልብ ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ «በዚህ ልብ፣ ያንን ሙቀት? እንዳትሞክሪው!» አለኝ። አባቴም ቢሆን ጅቡቲን አልፈለጋትም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለም። ዓይኑ ሳይዘጋ ከፕላኔቶቹ በአንዱ ላይ የእሱን ባሕር ልሠራለት ተነሣሁ።

ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት ሲመለስ አጠገቤ ይቀመጥና መጣላት እንጀምራለን። ሌሎቹ ባሕሮቼ ላይ መንኮራኩሩ የሚወርደው በቀጥታ ውኃው ላይ ነው። ይህን ሲሰማ አበደ። «ከሰማይ ዱብ ብለሽ ባሕር ላይ? ነውር አይደለም እንዴ! ባሕርማ በመንገድ ይደረስበታል እንጂ!» እንደ እሱ ከሆነ መጀመሪያ ሙቀቱ ነው የሚቀበልሽ፤ የጋቢናውን መስኮት ብትከፍቺው ይብሳል። ቀጥሎ ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት ሜዳ ይመጣል። ከዚያ ነጭ ጨው። ዓይንሽ ጨው በቃኝ ሲል ከሜዳው ጫፍ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ትታይሻለች፣ ረዳቱም ከእንቅልፉ ነቅቶ «አላሁ አክበር» ይላል። ባሕር ማለት ለአባቴ ይሄ ሁሉ ነው። እኔም መንኮራኩሩን ከውኃው አርቄ አሳረፍኩት፣ ጎማ አወጣሁለት፣ ሜዳውንና ጨውን ሠራሁ።

አለቃዬ አልወደደውም። «ተጫዋቹ ይሰለቻል» አለ።

«ይሰልቻ!» አልኩት። በአማርኛ ስለነበር አልገባውም። ሜዳውም ጨውም ይውጣ፣ መንኮራኩሩ ውኃው ላይ ይረፍ ብሎ ወሰነ፤ እኔም እንደታዘዝኩት አድርጌ ላክሁለት። የአባቴን ግን በራሴ ኮምፒውተር ላይ አስቀርቼ ቀጠልኩ።

ሥራው እንዳይገፋ ሁሉ ነገር የተማማለብኝ ይመስል ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ኢንተርኔቱ የለም። ያለችኝ አሮጌ የመጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ኮምፒውተሩን እንጂ ስክሪኑን መሸከም አትችልም፣ ስለዚህ ስክሪኑን በቀጥታ የግድግዳው ሶኬት ላይ ነው የሰካሁት። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ድርግም ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሥራዬ እንዳይጠፋ ጥቂት ይቆይልኛል። በጨለመ ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

የአባቴ ዓይን ደግሞ እያየሁት ይሄድብኝ ነበር። ሻይ ሳቀርብለት እጁ ከብርጭቆው አጠገብ ያርፋል። ሲኒማ ራስ መንገድ ሲሻገር የታክሲ ረዳት ጎትቶ አተረፈው። ያን ሁሉ ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው! «ሹፌሩ ነው ጥፋተኛው፣ ጥሩንባ አያውቅም» አለኝ ቤት ገብቶ። እሺ አልኩት። ጠብታውን አንጠባጥባለሁ፣ ማዕበሉን አስተካክላለሁ። ማዕበሉ ሲያምር እሱ ይብስበታል። አንዱን ባፈጥነው ሌላውን ማዘግየት አልቻልኩም።

ያለቀ ዕለት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። የታችኛው ወፍጮ እንዳይረብሸው ሄድፎኑን በኮፍያው ላይ አደረግሁለት። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መሪ እንደያዘ ሰው ተቀመጠ። የምነዳው ግን እኔ ነኝ።

«ቀስ በይ» አለ። «ካምቢዮ ቀንሺ፣ ቁልቁለት ነው።»

ሜዳውን አለፍን። ጨው ላይ ደረስን። መስመሯ ብቅ ስትል ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አደረግሁና «ታየህ፣ አባ?» አልኩት።

«ታየኝ እንጂ!» አለ፣ ጆሮውን መልሶ እየሸፈነ።

ዳሩ ላይ አቆምኩ። ውኃው መጥቶ ጎማውን ነካ፣ ተመለሰ። ያኔ ወፍጮው ዝም አለ፤ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ድርግም።

«ኤጭ!» አልኩ። ሄድፎኑን ላወልቅለት፣ አባ ቆይ፣ እስኪመጣ እንጠብቅ ልለው እጄን ስዘረጋ፣ አባቴ ወደ ጠቆረው ስክሪን ጠጋ አለ።

«ሱብሃነላህ!» አለ። «ሰማያዊነቱን አየሽልኝ? ያቺንም ጀልባ አስገብተሻታል! እኔ እኮ የረሳሽያት መስሎኝ ነበር።»

ጀልባ አላስገባሁም። ስለ ጀልባ ነግሮኝም አያውቅም።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ በሄድፎኑ ውስጥ ማዕበሉ እየመጣ ይመለስ ነበር፣ አባቴም በመጣ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። ለእኔ ብሎ ይሁን፣ እውነት እየታየው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለመጠየቅም አቅም የለኝም። ሜዳውን አይቶ፣ ጨውን አይቶ እንደሆነ፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ምንም ሳያይ ቀርቶ እንደሆነ፣ እሱንም አላውቅም።

«እስቲ ገባ በይ» አለኝ። «እስከ ቁርጭምጭሚት።»

ምንም በማያሳይ ስክሪን ላይ ወደ ፊት ነዳሁለት። ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰምቶ እግሩን ከወለሉ አነሣ።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። «ልክ እንዲህ ነበር።»

ከዚያ ዩፒኤሷም አለቀች፣ ድምፁም ጠፋ። አባቴ ትንሽ ጠበቀና ሄድፎኑን አውልቆ በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አለቀ?»

«ለዛሬ አለቀ፣ አባ።»

«ነገ ደግሞ ታሳዪኛለሽ» አለኝ። «ዛሬ ያየሁት ዳሩን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ አሳይሃለሁ» አልኩት።