የሰናይት ደም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሚስቴም አታውቀውም። አንተ የምታነበኝ ሰው ስለማታውቀኝ ነው ለአንተ የደፈርኩት። ይኸውም ራሱ ፍርሃት ነው።

እትዬ ብርቄ ጌጃ ሰፈር የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው በወጣትነቱ፣ ስልክ በድንገት ሲጮህ ደንግጦ ወደቀና ሞተ። ቀጥሎ ታናሽ እህቱ ሰናይት፣ በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ራሷን ትስት ጀመር። ሰፈሩ የሚጥል በሽታ ነው አለ፤ እናቷም ልደታ ማርያም ጠበል አመላለሷት።

እኔ ያኔ የዘረመል ተመራማሪ ነበርኩ። የማጠናው ፖታሺየም ከልብ ሴሎች የሚወጣባቸውን ጥቃቅን መተላለፊያዎች ነው። እነሱ ሲበላሹ ልብ ከአንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው ቶሎ አይዘጋጅም፤ ድንጋጤ ብቻውን ሊገድል ይችላል። ታዲያ የእነዚህን ልጆች ታሪክ ስሰማ ምን ተሰማኝ? ሐዘን? አይደለም። ደስ አለኝ። የምፈልገው ቤተሰብ እናቴ ደጅ ተገኘ።

«ደሟን ልውሰድና ምክንያቱን ልፈልግላችሁ» አልኩ። እትዬ ብርቄ የልጅቷን እጅጌ ራሳቸው ሰበሰቡልኝ።

«አንተን የሰፈራችንን ልጅ ካላመንን ማንን እናምናለን?» አሉ።

ከደሟ ውስጥ መተላለፊያውን የሚሠራውን ዘረመል ለይቼ አወጣሁ። ውጭ አገር ባለ ላብራቶሪ ጥቂት ወራት ተቀምጬ፣ በሳህን በሚያድጉ ሴሎች ውስጥ አስገባሁት። በጤነኛው ዘረመል የተሠራው መተላለፊያ ፖታሺየሙን ያሳልፋል፤ የሰናይት ምንም አያሳልፍም። ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፈው ስህተት ነበር። እኔ አገኘሁት። እኔ!

አገሬ ስመለስ እትዬ ብርቄ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አገኙኝ።

«ልጄ፣ የሰናይት ነገር ታወቀ?»

«ገና ነው እትዬ» አልኩ።

ገና ነው አልኩ። ልቧን አረጋግቶ ከድንገተኛ ሞት ሊጠብቃት የሚችለው ኪኒን ከቆምንበት ማዶ ፋርማሲ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብነግራቸው ወደ ልብ ሐኪም ይሄዳሉ፤ ሐኪሙም ቤተሰቡን አውቆ ከእኔ ቀድሞ ይጽፋል ብዬ ነው። ጽሑፌ እስኪታተም ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች አልኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያፈለቀ ጭንቅላት ተሸክሜ ነው የምዞረው።

ሰናይት አልቆየችም። ጎረቤት ያለ አሮጌ ቤት ሲፈርስ፣ ግድግዳው ሲናድ ከድምፁ ደንግጣ ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ጽሑፌ ታተመ። እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ እድገት ሰጡኝ፤ ሁሉንም ተቀበልኩ።

ከዚያ በፊት፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እትዬ ብርቄ ከሰው ሁሉ ለይተው ጠሩኝ። አንገቴን አቅፈው፣ «ለልጄ ብለህ ባሕር ተሻግረህ ለፋህ፤ እሷ ጊዜ አልሰጠችህም እንጂ» አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ያጥናዎት» ብዬ ዘጋሁት።

ወጣት ነበርኩ ልበልህ? የምርምር ጠባዩ ነው ልበልህ? አልልም። ኪኒኑንም፣ በሽታውንም፣ ልጅቷንም አውቅ ነበር። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለም።

እትዬ ብርቄ አምና አረፉ። እስከ መጨረሻው ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ አሜን እያልኩ ምርቃቱን እወስድ ነበር።