ሰርቦ የወረደው ቤዝ ጊታሬ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ጥር ነው። ሰው ሁሉ "አልፏል፣ ተይው" ይለኛል። የት አለፈ! አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአንዲት ትንሽ የሰርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ እጫወት ነበር ልበል እንጂ። እጄ ትንሽ ነው። ተውሼ የምጫወትበት ቤዝ አንገቱ ረጅም ስለነበር፣ ከላይ ያሉትን ድምፆች ለመያዝ ጣቶቼን እስኪያማቸው እዘረጋቸው ነበር። ሰርግ በሠራሁ ማግስት መቀስ መያዝ ያቅተኛል። ቁመቱ አጠር ያለ፣ እንደኔ ዓይነት እጅ ላለው የሚሆን ቤዝ እንዳለ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ዕቁብ እንደደረሰኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ አዲስ ገዛልኝ። የተዋስኩትንም ለባለቤቱ መለስኩ።

የባንዱ መሪ ግርማ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። "ቅዳሜ ያለ ቤዝ እንዳትመጪ" አለኝ። "ካልሆነ እኔው በኪቦርዱ በግራ እጄ እመታዋለሁ። አንዴ ከለመድኩት ደግሞ ቤዝ ተጫዋች ምን ያደርግልኛል?" ሲቀልድ አልነበረም።

የአክስቴ ልጅ ሁላችንም እንደምናደርገው ዕቃውን ለአውቶብስ ሹፌር ሰጠልኝ። ስልኩንና የታርጋ ቁጥሩን ላከልኝ፣ አለቀ። ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ፤ በመተማመን ነው። ቅዳሜ በሰባት ሰዓት መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ሰርጉ እዚያው ጅማ፣ በአስር ሰዓት ነው።

አውቶብሱ ገባ። ሹፌሩ ፈገግ ብሎ "የሙዚቃው ዕቃ? ሰርቦ አወረድኩት እኮ!" አለኝ።

"ሰርቦ ማን አለኝ?"

"ሰርግ አለ አይደል እንዴ? ልጆች መንገድ ዳር ሆነው ሞንታርቦ ይጠብቁ ነበር። ያንቺም የሙዚቃ ዕቃ ነው፣ አብሬ ሰጠኋቸው። ወላሂ፣ በቅን ልቦና ነው።"

በቅን ልቦና! እዚያው ላንቀው ምንም አልቀረኝም። "ስሜ ተጽፎበት የለም ወይ?" ብዬ ብጠይቀው "በዚህ ጥድፊያ ስም ማን ያነባል?" ብሎኝ ሻንጣ ማውረዱን ቀጠለ።

በሚኒባስ ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ጅማ ሳይደረስ መንገድ ላይ ያለችው ሰርቦ ደረስኩ። ዳሱ ከመንገድ ይታያል። ስጠይቅ ዕቃው ወንዶቹ ጋ ነው አሉኝ። ወደዚያ ልል ስል ሁለት ሴቶች ግራ ቀኝ ይዘው ወደ ሴቶቹ ዳስ ወሰዱኝ። "ኧረ እኔ ዕቃዬን ፈልጌ ነው የመጣሁት" ብል ማን ሰምቶኝ! የሙሽራዋ እናት ትከሻዬን ጫን አድርገው "ታኢ፣ ታኢ! ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ሰርግ ቤት ተመጥቶ ሳይበሉ መሄድ አለ እንዴ?" አሉኝ።

"እናቴ፣ እርስዎን ንቄ አይደለም። በአስር ሰዓት ጅማ ሥራ አለብኝ።"

"ትደርሻለሽ ኢንሻአላህ። መጀመሪያ ብዪ።"

እጄን አስታጠቡኝ። ሩዙ መጣ፣ ሥጋው መጣ። ብድግ ስል አንዷ ታጎርሰኛለች፣ እምቢ ስል ሌላዋ ትቀየመኛለች። አፌ ሙሉ ሆኖ እንዴት ብዬ ልቆጣ? ስለ ዕቃው በጠየቅኩ ቁጥር "ልጆቹ ያመጡልሻል" ነው መልሱ። ልጆቹ ሞንታርቦ እየገጠሙ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እንባዬ መጣ።

የሙሽራዋ እናት ያን ጊዜ ነው የደነገጡት። ራሳቸው ወንዶቹ ዳስ ድረስ ሄደው ቤዙን እንደ ሕፃን ታቅፈው አመጡልኝ። ገና ከመቀበሌ ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው። ያለሁበትን ነገርኩት። "በቃ አትልፊ፣ እኔው እወጣዋለሁ" ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ የምቸኩልበት ጉዳይ አልነበረኝም። ቦርሳውን ከፈትኩት። ጭረት እንኳ የለውም። ክሮቹን ቃኝቼ አንገቱን ስይዘው ጣቶቼ ያለ ምንም ትግል ከላይ ደረሱ። ደረሱ! ስንት ዓመት የታገልኩበትን ቦታ እንደ ዋዛ ያዝኩት። ሴቶቹ በከበሮ ይዘፍኑ ነበር፣ ተከተልኳቸው። ሞንታርቦ ላይ ስላልተሰካ ድምፁ የሚሰማው አጠገቤ ላለ ሰው ብቻ ነው። የሙሽራዋ እናት መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ትንሽ አዳመጡና "ማሻአላህ! እጄ ውስጥ ገባ" አሉ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ሳቅኩ።

አሁን ማንን ልጥላ? ሹፌሩ ደውዬ ስጮህበት "ታዲያ አገኘሽው አይደል?" ይለኛል። ሴትየዋ አብልተው፣ መርቀው ሸኙኝ። ግርማም የሰው ሰርግ ማስቆም አይችልም። ማንም ክፉ አልሠራብኝም፣ ቦታዬን ግን አጣሁ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ግርማ እንዳለውም በግራ እጁ ለመደው፤ እስከ ዛሬ አልጠራኝም።

ቤዙን እወደዋለሁ። ከሥራ ስመለስ አወቱ መንደራ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ። እጄን አያመኝም። ግን ቤዝ ለብቻ የሚጫወቱት ነገር አይደለም። ዱም ዱም አደርጋለሁ፣ ዘፈኑን የሚዘፍንልኝ የለም። አጋሮም ይሁን ሊሙ፣ ቤዝ የጎደለው ባንድ ካለ ይጥራኝ፤ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።