እያረጥኩ ነው አልኩ፣ ታክሲው ጭጭ አለ

ዛሬ ከአየር ጤና በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከደረቴ እስከ አናቴ እሳት ለቀቀብኝ። ላቤ በአንገቴ ሲንቆረቆር መስኮቱን ከፈትኩት።

ከኋላዬ ጃኬቱን እስከ አገጩ የቆለፈ ጎልማሳ፣ "እናት፣ በብርድ ልትጨርሺን ነው?" ብሎ እጁን ሰዶ ዘጋው።

ብርድ! በዚህ ጠራራ ፀሐይ! የአገሬ ወንድ አንበሳ ነው፤ የታክሲ መስኮት እስኪከፈት ድረስ።

"ወንድሜ፣ እያረጥኩ ነው፤ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ" አልኩት።

ታክሲው ጭጭ አለ።

"ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ነውር አይደለም?" አለኝ።

ልብ በሉ፣ ሰውዬው ከተነሳን ጀምሮ በስልክ እየጮኸ ስለ ኪንታሮቱ ሲያወራ ነበር። የሱ መቀመጫ ለሕዝብ ይነገራል፤ የኔ ላብ ግን ነውር ነው!

አጠገቤ ነጠላዋን የተከናነበች እኩያዬ ተቀምጣለች፤ ፊቷ በላብ ርሷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እኔም እኮ ነኝ። ለባሌ ወባ ነው ብዬዋለሁ" አለችኝ።

ደጋው ኮልፌ ላይ ወባ! ባልየውም አምኖ ተቀምጧል።

ስቄ ሳልጨርስ እጇን በላዬ አሻግራ መስኮቱን እስከ ጥግ በረገደችው። ሰውዬው አንገቱን ጃኬቱ ውስጥ ቀበረ።

እህቶቼ፣ እናንተስ ሙቀቱን ምን እያላችሁ ነው የምትደብቁት? እዚሁ ሥር ጻፉልኝ። ወንዶችም ገብታችሁ አንብቡ፤ ብርድ የለውም።