ቋሪት ላይ ገበሬ፣ ቡሬ ላይ ሥራ ፈት

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ከተንከራተትኩ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች መመዝገብ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። የቀጠረኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ ጫማው ላይ አቧራ ባረፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነበር።

"ባለፈው ሳምንት ሥራ ሠርተዋል ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። የመለሱልህን ትጽፋለህ። ሌላ ምንም አትጨምርም" አለኝ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚፈለግ ብጠይቀው "እሱ አንተን አይመለከትህም" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም አላመንኩትም።

ከቡሬ ጀመርኩ። እዚያ የእህል መጋዘኖቹ በር ላይ፣ ከገጠር የመጡ ጎልማሶች ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። የጭነት መኪና ሲመጣ ይሻማሉ፤ አምስት ስድስቱ ሸክም ያገኛሉ፣ የቀሩት ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ። ወረቀት ሳወጣ ሲያዩ ከበቡኝ።

"ሥራ የለኝም፣ ጻፈኝ!"

ሥራ ልሰጥ የመጣሁ መስሏቸው ነው። አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ! "ለዘመዶቹ ሊያደርገው ነው የሚደብቀን" አለ አንዱ። ጠዋት በአንድ ስም የጻፍኩት ሰው ከሰዓት በኋላ በሌላ ስም ተሰልፎ አገኘሁት።

የአጎቴን ልጅ ያየሁት እዚያ መካከል ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዘ ማርያም ከተማ ብዙም በማይርቅ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ። ይህ ሦስተኛ ልጃቸው ነው። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ተከትዬ ትከሻውን ያዝኩት።

"አባቴ ነው የላከህ?" አለኝ።

"ማንም አልላከኝም። የመንግሥት ሥራ ይዤ ነው።"

"መንግሥት አንተን ከየት ያውቅሃል?"

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ማንበብ ያውቃል፣ ግን ያነበበውን አላመነም። በመጨረሻ "መሬቱ ለታላላቆቼም አልበቃ። እዚያ ቁጭ ብዬ የወንድሜን ሚስት እጅ ከማይ ብዬ ነው" አለና፣ ቡሬ እንዳየሁት ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሥራ የለውም ብዬ ጻፍኩት።

በሳምንቱ ከጅጋ ሽቅብ በእግሬ ቋሪት ወጣሁ። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ወረቀት የያዘ ሰው መሬት ሊለካ ወይ ግብር ሊጨምር እንጂ ለሌላ አይመጣም። አንዱን ገበሬ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንደሠራ ብጠይቀው "ኪዳነ ምሕረት ነበረች፣ ገብርኤል ነበረ፣ ማርያም ነበረች። በዓል ማክበር እዳ አለው?" አለኝ፤ ዓይኑ ከብዕሬ አልተነሳም። ሥራ የለኝም ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አጎቴ ግቢ ስደርስ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው ነበር። ሥራ ፈት ሰው በቤትዎ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሥራ ፈት ማለት ሥራን የፈታ ማለት አይደለም?" አሉ። "እኛ ሥራን በቁርባን ነው ያገባናት። በቁርባን ያገባ ደግሞ አይፈታም።"

ተማሪዎቹ ሳቁ። አጎቴ ግን አልሳቁም። "ሦስቱም ልጆቼ እርሻ ላይ ናቸው። ጻፍ" አሉኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ጻፍኩ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቶቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። "ቡሬ ሥራ ፈት ሞልቷል፣ ቋሪት ግን አንድም የለም? ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ነው የሞላኸው!" አለኝ። እሱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ወደ ቋሪት ተመለስን።

ተቆጣጣሪው አጎቴ ቤት ገብቶ ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ። ሁለቱ ደጅ ቆመዋል። "ሦስተኛውስ?"

"ራቅ ያለ ማሳ ላይ ነው" አሉ አጎቴ።

"እንግዲያው ሄደን እንየው።"

ጎረቤቶች ዱላቸውን ይዘው አጥሩ ጋ መሰብሰብ ጀምረዋል። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ዘመዳቸው ነህ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ።

አጎቴ ያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ምስጋና አልነበረበትም። ልጁ ማሳ ላይ እንደሌለ ካላወቀ ለምን ይዋሽልኛል የሚል አስተያየት ነበር።

ተቆጣጣሪው አጥሩ ጋ ዱላ የያዙትን አይቶ ማሳውን ማየቱን ተወው። ስንሄድ አጎቴ ሊሸኙን ወጡ። ተቆጣጣሪው በበቅሎው ቀደም ሲል እጄን ያዙኝ።

"ቡሬ ነበርክ አሉ። አየኸው?"

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ግን እጄን አለቅ አሉ። "አየሁት፣ አባቴ።"

"ይበላል?"

"ሸክም ያገኘ ቀን ይበላል።"

"ወረቀቱ ላይ ምን አልከው?"

"እዚህ ገበሬ፣ እዚያ ሥራ ፈት።"

"እንግዲህ መንግሥት ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ነው የሚፈልገው ማለት ነው" አሉና እጄን ለቀቁ። መስቀላቸውን ልሳለም ጎንበስ ስል ቀድመው ዞሩ።

ቡሬ ከመድረሴ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከባለሥልጣን ጋር ቤታቸው መግባቴን ሲሰማ እንደሸጥኩት ቆጠረና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ሰው በሚጭን መኪና ተሳፍሮ ሄደ። አጎቴ ልጃቸውን ፍለጋ ቡሬ ወረዱ። ግድግዳ ሥር የቆሙትን በስሙ እየጠሩ ቢጠይቁ አንድም ሰው አላወቀውም። ስም ይዞ የሚጠይቅ ሽማግሌን ማን ያምናል? አብረውት ግድግዳ ተደግፈው የዋሉት እንኳ ስሙንም መልኩንም አናውቅም አሉ። እኔም ለሁለተኛው ዙር ምዝገባ አልተጠራሁም።

ከሁለት አዝመራ በኋላ ወባ አጥቅቶት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት ገባ። ወደ አባቱ መልእክት ላክን። መጥተው መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የት ነበርክ አላሉትም፤ ጸበል ረጩት፣ አጥሚት አጠጡት። ሲሻለው ቋሪት አልተመለሰም፤ እዚያው እኛ ጋ ሆኖ ሸማ መሥራት ተማረ።

አንድ ቀን ድሩን እየወጠረ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦

"የዚያን ጊዜ ስሜን ለማን ነበር የሰጠኸው?"

"ለማንም አልሰጠሁም። ማሳ ላይ ነው ብዬ ዋሽቼልሃለሁ።"

"እሺ" አለ። ያመነኝ ይሁን አይሁን ከድምፁ ልለይ አልቻልኩም፤ እሱም ዳግመኛ አላነሳውም።