ቁስል ላይ ማር የከለከልኩ ዕለት

ክልሎች ገና በተቋቋሙ ሰሞን አኝዋክኛ በሚነገርባት አቦቦ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ተመደብኩ። ሥራዬ መርፌ መውጋት ብቻ አልነበረም፤ ረቡዕ ረቡዕ ማንጎ ዛፍ ሥር ሕዝብ ሰብስቤ አስተምራለሁ። የዚያ ሳምንት ትምህርት «ቁስል ላይ ማር አትቀቡ» የሚል ነበር።

ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ሳፈላ ውሃው እጄ ላይ ተገለበጠ። የክሊኒኩ የቃጠሎ ቅባት ካለቀ ሰንብቷል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ እናት፣ ጩኸቴን ሰምተው ማሰሮ ይዘው ከተፍ አሉ። ለሳል ማር፣ ለተሰነጠቀ ከንፈር ማር፣ ለሁሉም ማር የሚሉ ሴት ናቸው። እየተነጫነጭኩ እጄን ሰጠኋቸው፤ ማሩን ቀብተው በፋሻ ጠቀለሉልኝ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ወዲያው ማቃጠሉን ተወኝ።

በማግስቱ ማንጎው ሥር ቆሜ «ማር ለጠጅ ነው እንጂ ለቁስል አይደለም!» እያልኩ ስደነፋ አንዲት ንብ መጥታ ፋሻዬ ላይ ዐረፈች። እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። ሌላ ንብ ተከተለች። ኪሴ ውስጥ ስከተው ሦስት ሆነው ኪሴን ይዞሩት ጀመር። ንግግሬን ወደ አኝዋክኛ የሚተረጉምልኝ ሰውዬ ትርጉሙን ትቶ ንቦቹን መቁጠር ያዘ። እትዬ ዘነበች ከፊት ተቀምጠው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። «አደራዎን» በሚል ዓይን አየኋቸው። ገባቸው ስል እጃቸውን አወጡ።

«ጥያቄ አለኝ ዶክተር። ፋሻህን ዛሬ እኔ ቤት መጥተህ ነው የምትቀይረው፣ ወይስ ማሩን ክሊኒክ ላምጣልህ?»