ፀሃዬ የኤርሚን እጅ ሲያጣ

ፀሃዬ ቄራ አካባቢ የብረት በር የሚበይድ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ካዛንቺስ አንድ ካፌ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሮክ ሙዚቃ ይጫወታል፤ ባስ ጊታሩን ይዞ ከሁሉም ኋላ ይቆማል። ኮርድ፣ ማለትም የዘፈኑ ድምፆች ቅደም ተከተል፣ የተጻፈበትን ወረቀት እንደ ሌሎቹ ማንበብ አይሆንለትም፤ ይህንንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም። የባንዱ ጊታሪስት ኤርሚ ብቻ ነውና ክሮቹን የሚጫነውን የእሱን ግራ እጅ እያየ ይከተላል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሲሄድ ማንም አልነቃበትም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዘፈኑ መሃል ላይ፣ የኤርሚ ጊታር ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ።

"ዘፈኑን አንድ ደቂቃ ያዝልኝ፣ ባሱ ይበቃል!" ብሎት ክር ሊቀይር ወደ ጓዳ ሮጠ።

ፀሃዬም ያዘ፤ ክሩ ሲበጠስ የነበረባትን ያችኑ አንድ ድምፅ ደጋግሞ መታ። ዘፋኟ ሐሴት ወደ ቀጣዩ ድምፅ እንዲቀይርላት ጠብቃ ጠብቃ ዞረችበት።

"ቀይር እንጂ ፀሃዬ! እዚሁ ልታሳድረን ነው እንዴ?"

ፊት የተቀመጡት ሳቁ። ፀሃዬ ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች ጠፋው። አንዴ ሞክሮ ሳተ፤ ሐሴት ፊቷን አጨማደደች፤ ደንግጦ ወደዚያችው ተመለሰ።

"ማለቴ… ኤርሚ ይምጣ" አለ፤ ማንም አልሰማውም።

ኤርሚ ክሩን አስሮ መጣና ጆሮው ሥር ተጠጋ።

"የት ደረሳችሁ? ምን ላይ ነን?"

"እኔ እኮ አንተን እያየሁ ነው የምጫወተው" አለው ፀሃዬ። ይህን ሲናገር የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ኤርሚ ቀልድ መሰለውና፣ "አቦ አታስቀኝ፣ በቃ ንገረኝ!" ብሎ ሳቀ።

ፀሃዬ ምን ያድርግ፣ አብሮት ሳቀ።